ሃሮልድ ጊሊስ

ሰር ሃሮልድ ዴልፍ ጊሊስ (ጁን 17 ቀን 1882 – ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.) በኒው ዚላንድ ተወልደው በእንግሊዝ አገር የሠሩ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በጥይት፣ በፈንጂና በእሳት ለተጎዳ ወታደሮች በሰጡት ሕክምና የዘመናዊ ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና አባት ተብለው ይታወቃሉ። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከአፍንጫና ከመንጋጋ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ ከሥራቸው ትልቁን ክፍል ከያዙት ጉዳቶች አንዱ የዓይን ቆብ ጉዳት ነበር፤ ቆቡ የጠፋበት ዓይን በራሱ ጤነኛ ቢሆንም ደርቆና ቆስሎ ይጠፋልና።

የጊሊስ ትምህርት በአጭሩ ሲነገር የጎደለውን በሚመስለው ነገር መተካት ነው፤ ቆዳን በቆዳ፣ ልም አጥንትን በልም አጥንት፣ ጡንቻን በጡንቻ። ዛሬ ከጆሮ ላይ ትንሽ ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ተወስዶ የተበላሸ የዓይን ቆብ ሲጠገን የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። እርሳቸው ካሰቧቸው ስልቶች አንዱም በሥጋ ደዌ ሕክምና በኩል ወደ ኢትዮጵያ ደርሷል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጊሊስ የተወለዱት በኒው ዚላንድ ደቡባዊ ደሴት በምትገኘው በደኒደን ከተማ ነው። ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበሩ። አባታቸው ሮበርት ጊሊስ በመሬት ሽያጭ ሥራ የሚተዳደሩ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት አባል የነበሩና ከዋክብትን መመልከት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ሃሮልድ ገና አራት ዓመት ሲሆናቸው አረፉ። ጊሊስ በልጅነታቸው በደረጃ መደገፊያ ላይ ሲንሸራተቱ ወድቀው ክርናቸው ተሰበረ፤ ክንዳቸውም ዕድሜ ልካቸውን እንደ ልብ አይታጠፍም ነበር። ይህ ግን ከስፖርት አላገዳቸውም። በዋንጋኑይ ኮሌጅየት ትምህርት ቤት የክሪኬት ቡድን አለቃ ሆኑ። በኋላም በ1904 ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በታዋቂው የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ተሰለፉ፤ በጎልፍም እንግሊዝን ወክለው ተጫውተዋል።

ሕክምናን ያጠኑት በካምብሪጅ ጎንቪልና ኪስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ለንደን በሚገኘው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ነው። በ1910 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባል ሆኑ። ከዚያም በጆሮ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ሕክምና ስም ካተረፉት ከሰር ሚልሰም ሪስ ጋር መሥራት ጀመሩ። በ1911 ካትሊን ማርጋሬት ጃክሰንን አግብተው ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮ የሕይወታቸው መንገድ ባለጸጎችን በሚያክም የለንደን ሐኪምነት የሚያበቃ ይመስል ነበር።

ወደ ፈረንሳይ ጦር ግንባር

በ1915 ጊሊስ ከቁስለኞች ጋር ለመሥራት ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። በዚያ ጦርነት ወታደሩ በምሽግ ውስጥ ስለሚዋጋ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚጋለጠው ፊቱ ነበር። የብረት ቆብና የተሻለ የቁስል እንክብካቤ ብዙዎችን ከሞት ቢያድኑም፣ ከሞት የዳኑት አፍንጫ፣ አገጭ ወይም የዓይን ቆብ ሳይኖራቸው ይቀሩ ነበር። በጊዜው የነበረው ልማድ የቁስሉን ጠርዞች ጎትቶ መስፋት ነው። ቁስሉ ይዘጋል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ግን ፊቱ ይጣመማል፤ አፍ አይከፈትም፣ ዓይንም አይከደንም።

በዊመሩ ከተማ ጊሊስ ቻርልስ ቫላዲዬ የተባሉ የጥርስ ሐኪም የተሰባበሩ መንጋጋዎችን ሲጠግኑ ተመለከቱ። ቀጥሎም ወደ ፓሪስ ሄደው ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ኢፖሊት ሞረስታን ከአንድ ሰው ፊት ላይ ዕጢ አውጥተው ክፍተቱን ከጎኑ ባነሡት ቆዳ ሲሸፍኑ አዩ። ቆዳው ከሥሩ ስላልተቆረጠ የደም ዝውውሩ አልተቋረጠም፤ በአዲሱ ቦታም ሕያው ሆኖ ቀረ። ጊሊስ የሕይወታቸውን ሥራ ያገኙት በዚያች ቀን እንደሆነ ይነገራል።

አልደርሾትና ሲድከፕ

ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ የጦር ሠራዊቱን የሕክምና አለቆች አሳምነው፣ በጃንዋሪ 1916 በአልደርሾት በሚገኘው የካምብሪጅ ወታደራዊ ሆስፒታል ፊታቸው ለተጎዳ ቁስለኞች ብቻ የሚሆን ክፍል ተከፈተላቸው። ቁስለኞቹ በየሆስፒታሉ ተበታትነው እንዳይቀሩ በገዛ ገንዘባቸው የአድራሻ ወረቀቶች ገዝተው ወደ ግንባር ላኩ። ወረቀቱ በቁስለኛው ላይ ሲለጠፍ በቀጥታ ወደ እርሳቸው ክፍል ይላክ ነበር።

በጁላይ 1916 የሶም ጦርነት ሲጀመር ሁለት መቶ ያህል ቁስለኞች ይጠብቁ ነበር፤ የመጡት ግን ሁለት ሺህ ገደማ ናቸው። ከሥዕል በፊት ቀዶ ሕክምና ያጠኑት ሠዓሊ ሄንሪ ቶንክስ የቁስለኞቹን ፊት ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በቀለም እርሳስ ይሥሉ ነበር። ሥዕሎቹ ለትዝታ ብቻ የተሠሩ አልነበሩም፤ ጊሊስ የጎደለው ምን እንደሆነ በትክክል ለመለየትና ቀጣዩን እርምጃ ለማቀድ ይገለገሉባቸው ነበር።

ክፍሉ ስለ ጠበበ በ1917 ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ሲድከፕ የንግሥቲቱ ሆስፒታል ተከፈተ። በዚህ ሆስፒታልና በቅርንጫፎቹ ከ5,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ከ11,000 በላይ ቀዶ ሕክምናዎች ተደርገዋል። በክፍሎቹ ውስጥ መስታወት አይፈቀድም ነበር። ከሆስፒታሉ ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ላይ አንዳንድ መቀመጫዎች ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ለቁስለኞቹ ተለይተው ነበር፤ ይህም መንገደኛው ድንገት አይቶ እንዳይደነግጥ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው ኢቫን ማጊል ማደንዘዣውን በቱቦ ወደ አየር ቧንቧ የሚያስገባውን ዘዴ ያዳበሩት በዚሁ ሆስፒታል ነው። ፊቱ በሚቀደድ ሰው አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል ማድረግ ስለማይቻል ችግሩ መፍትሔውን ወለደ።

የተቃጠሉ የዓይን ቆቦች

በሲድከፕ ከታዩት ከባድ ጉዳቶች መካከል በሜይ 1916 መጨረሻ በተደረገው የጁትላንድ የባሕር ውጊያ የተቃጠሉ መርከበኞች ይገኛሉ። ዎልተር ዮ በዎርስፓይት የጦር መርከብ ላይ የመድፍ ክፍል ባልደረባ ነበር፤ የላይኛውና የታችኛው የዓይን ቆቦቹ ጠፍተዋል። ጊሊስ በ1917 ከደረቱ ላይ እንደ ጭንብል የተቆረጠ ሰፊ ቆዳ አንሥተው በፊቱ የላይኛው ክፍል ላይ አኖሩለት። ከዚያ በተከታታይ በተደረጉ ጥገናዎች ዮ ዓይኖቹን የሚከድንበት ቆብ አገኘ። ፎቶግራፎቹ ከፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ታሪክ እጅግ የታወቁት ናቸው።

ሌላው መርከበኛ ዊሊ ቪካሬጅ በማላያ መርከብ ላይ በባሩድ እሳት ተቃጥሎ የዓይን ቆቦቹና የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጠው ነበር። ጊሊስ ኦክቶበር 3 ቀን 1917 ከደረቱ ያነሡት ቆዳ ጠርዞቹ በራሳቸው ወደ ውስጥ ሲጠቀለሉ አስተዋሉ። ጠርዞቹን ገጥመው ሲሰፏቸው ቆዳው ቱቦ ሆነ። የቱቦው አንዱ ጫፍ ከደረት ጋር እንደ ተያያዘ ሌላው በፊት ላይ ይሰፋል፤ በአዲሱ ቦታ የደም ሥር እስኪበቅል ድረስ ደም በቱቦው ውስጥ ይመላለሳል፤ ውስጡ ስለማይጋለጥም ቁስሉ በቀላሉ አይመረቅዝም። ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

በዚህ ሐሳብ ጊሊስ ብቻቸውን አልነበሩም። በኦዴሳ የሚሠሩት የዓይን ሐኪም ቭላዲሚር ፊላቶቭ በ1916 በካንሰር ምክንያት የተጎዳን የታችኛ የዓይን ቆብ በቱቦ ቆዳ ጠግነው ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ስለ አንዳቸው ሥራ ሳያውቁ፣ ጦርነት በለያያቸው ሁለት የአውሮፓ ጫፎች ላይ ወደ አንድ መፍትሔ ደረሱ።

ከሁሉ በላይ ጊሊስን ያስተማራቸው ግን ያልተሳካው ሥራ ነው። ሄንሪ ላምሊ የተባለ ወጣት አብራሪ በ1916 በአውሮፕላን አደጋ ፊቱ ክፉኛ ተቃጥሎ ነበር። በ1918 መጀመሪያ ጊሊስ ከደረቱ እጅግ ሰፊ ቆዳ አንሥተው መላ ፊቱን በአንድ ጊዜ ለመሸፈን ሞከሩ። በሕመም ለተዳከመው አካል ሸክሙ ከበደው፤ የተተከለው ቆዳ በሰበሰ፣ ላምሊም በማርች ወር ሞተ። ጊሊስ ይህን ሞት ከራሳቸው ስሕተት ቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ ሥራን ከፋፍሎ፣ በየመካከሉ አካሉ እስኪያገግም እየጠበቁ መሥራትን መመሪያቸው አደረጉ። ነገ ቢሠራ የማይጎዳን ነገር ዛሬ በጥድፊያ አለመሥራት የሚለው የታወቀ ትምህርታቸው የዚህ ልምድ ፍሬ ነው።

ለዓይን ቆብ ያበረከቱት ሌላው ዘዴ ቀላል የሚመስል ግን አስተዋይነት ያለበት ነው። ሆላንዳዊው ዮሐንስ ኤሰር ስስ ቆዳን በጥርስ ሐኪም ሰም ላይ ጠቅልለው በቁስል ጉድጓድ ውስጥ የመትከልን ዘዴ አስተዋውቀው ነበር። ጊሊስ ይህን ለተገለበጠ የዓይን ቆብ አመቻቹት። ጠባሳው ተቆርጦ ቆቡ ወደ ቦታው ይለቀቃል፤ የተፈጠረው ክፍተት በሰሙ ይለካል፤ በሰሙ ላይ ስስ ቆዳ ጥሬው ጎን ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለልና በክፍተቱ ውስጥ ይቀመጣል። ሰሙ ሲነሣ ቆዳው ከቦታው ተጣብቆ ይቀራል። ቆዳው ከክፍተቱ ሰፋ ተደርጎ ስለሚተከል ጠባሳው በኋላ ሲኮማተር እንኳ ዓይኑ መከደን አያቅተውም።

በ1920 ጊሊስ ይህን ሁሉ ልምድ በፊት ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ላይ በጻፉት መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የተሳካውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም በፎቶግራፍ በማሳየቱ ለዘመኑ ሐኪሞች ዋና መማሪያ ሆነ።

ልም አጥንት ከጎድንና ከጆሮ

ቆዳ ብቻውን ቅርጽ አይይዝም። አፍንጫ፣ ጆሮና የዓይን ቆብ ከሥራቸው ደጋፊ አላቸው። በሲድከፕ ጊሊስ ደጋፊውን ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ከጎድን አጥንት ጫፍ ነበር። የጎድኑን ልም አጥንት ቀርጸው በግንባር ቆዳ ሥር ይቀብሩትና ከወራት በኋላ ከቆዳው ጋር አዙረው አፍንጫ ያደርጉታል። በመቶ አለቃ ዊልያም ስፕሬክሊ ላይ እንዲህ ሲሠሩ አዲሱ አፍንጫ መጀመሪያ ከልክ በላይ አብጦ ስላስደነገጣቸው ሊጥሉት ቃጥቷቸው ነበር ይባላል። እብጠቱ ሲጎድል ግን ከሥራዎቻቸው ሁሉ ካማሩት አንዱ ሆነ።

ልም አጥንት ለዚህ ሥራ የተመቸው በውስጡ የደም ሥር ስለሌለው ነው። ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ስስ ሽፋንና ከጎረቤት ሥጋ ጠብ ጠብ እያለ በሚገባው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከል እንደ ጡንቻ ወይም እንደ ወፍራም ቆዳ ቶሎ አይሞትም።

ጥያቄው ከማን ይወሰድ የሚለው ነበር። በ1930ዎቹ ጊሊስ ያለ ውጫዊ ጆሮ ለተወለዱ ልጆች ከእናቶቻቸው ጆሮ ላይ ልም አጥንት እየወሰዱ ይተክሉ ጀመር፤ ስለዚህ ሥራም በ1937 ጽፈዋል። እናት ለልጇ ከገዛ ጆሮዋ ቆርጣ ስትሰጥ ሐሳቡ ልብ ይነካል፤ ውጤቱም መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን የተተከለው ልም አጥንት ቀስ በቀስ እየሟሸሸ ጆሮዎቹ ቅርጻቸውን አጡ። በኋላ የበሬ ልም አጥንትንም ሞክረው በ1951 ውጤቱን አሳትመዋል፤ እርሱም እንደ ሰው የራሱ አካል አልዘለቀም። ከእነዚህ ሙከራዎች የተገኘው ድምዳሜ ዛሬም የጸና ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚታመነው ከራሱ ከሕመምተኛው የተወሰደ ሕያው ልም አጥንት ነው።

ለዓይን ቆብ ደግሞ ከጎድን ይልቅ ጆሮ ይመረጣል። የቪየናው ቀዶ ሐኪም ቡዲንገር ከጊሊስ በፊት በ1902 የጆሮ ልም አጥንትን ለዓይን ቆብ ጥገና ስለ መጠቀም ጽፈው ነበር። ምክንያቱ የዓይን ቆብን አሠራር ሲያዩት ግልጽ ይሆናል። ቆቡ ሁለት ንብርብር አለው። የፊተኛው ቆዳና ጡንቻ ነው፤ የኋለኛው ደግሞ ታርሰስ የሚባል ጠንከር ያለ ሳህንና ከዓይን ኳስ ጋር የሚነካካ እርጥብ ስስ ሽፋን ነው። ታርሰሱ ከጠፋ ቆቡ ይልፈሰፈሳል ወይም ይገለበጣል። የጆሮ ጎድጓዳ ክፍል ልም አጥንት ቀጭን ነው፣ ይታጠፋል፣ ተፈጥሯዊ ጎባጣነቱም ከዓይን ኳስ ጋር ይስማማል።

አወሳሰዱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጆሮው በመርፌ ይደነዝዛል፤ መድኃኒቱ ደም የሚቀንስ ነገር ይጨመርበታል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጀርባ ቆዳውን ቀድዶ ከልም አጥንቱ ይለየዋል። ከጎድጓዳው ክፍል በሚፈለገው መጠን ይቆርጣል፤ የጆሮውን ቅርጽ የሚይዙትን ዙሪያ ከንፈርና ውስጣዊ ጉብታ ግን አይነካም። ቆዳው ተሰፍቶ ሲያበቃ ጥጥ ወይም ፋሻ ተጭኖ ይታሰራል፤ ከቆዳው ሥር ደም ከተጠራቀመ ጆሮው ሊጨማደድ ይችላልና። በጥንቃቄ ከተሠራ ጠባሳው ከጆሮ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል፤ ጆሮውም ቅርጹን አያጣም። የተወሰደው ቁራጭ ስስ ተደርጎ ይስተካከልና ጎባጣው ውስጥ ወደ ዓይን ሆኖ በታርሰሱ ቦታ ይሰፋል።

ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ ልም አጥንቱ የራሱ ደም ስለሌለው ከፊቱ የሚሸፍነው ቆዳና ጡንቻ ደም የሚዘዋወርበት መሆን አለበት፤ ሁለቱም ንብርብር ያለ ደም ከተተከሉ ሥራው ይበሰብሳል። ሁለተኛ፣ ጥሬ ልም አጥንት የዓይንን ፊት ሊፍቅ ስለሚችል በየጊዜው በሚርገበገበው በላይኛው ቆብ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከላይኛው ይልቅ ለታችኛው ቆብ ይዘወተራል።

ከሲድከፕ በኋላ

ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሰዎች የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ከጦርነቱ ጋር ያበቃል ብለው ነበር። ጊሊስ ግን ሙያው ለሰላም ጊዜም እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ደከሙ፤ የቃጠሎ፣ የካንሰርና የፋብሪካ አደጋ ሕመምተኞችን ያክሙ ነበር። በ1930 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ዘመዳቸው አርቺባልድ ማኪንዶ ወደ ለንደን መጥተው አብረዋቸው መሥራት ጀመሩ። እርሳቸውም የደኒደን ልጅ ነበሩ።

በ1934 ጊሊስ በፊት ሽባነት ላይ ጥናት አሳተሙ። የፊት ነርቭ የሞተበት ሰው ዓይኑን መክደን አይችልም። ጊሊስ ከጆሮ ግንድ በላይ ያለውን የማኘኪያ ጡንቻ ለዚህ መጠቀም እንደሚቻል አሳዩ፤ ይህ ጡንቻ የሚታዘዘው በሌላ ነርቭ ስለሆነ ከሽባነቱ ይተርፋል። ከጡንቻው የሚነሣ ጅማት በላይኛውና በታችኛው ቆብ ውስጥ አልፎ በአፍንጫ በኩል ይታሰራል። ሕመምተኛው ጥርሱን ሲነክስ ዓይኑ ይከደናል። ሲውል ሲያድርም ይህን ያለ ሐሳብ መሥራት ይለምዳል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊሊስ በቤዚንግስቶክ አቅራቢያ ሩክስዳውን በተባለው ሆስፒታል ትልቅ ክፍል መሩ። ማኪንዶ ደግሞ በኢስት ግሪንስቴድ በአውሮፕላን ውስጥ የተቃጠሉ አብራሪዎችን ያክሙ ነበር። በሁለቱም ዘንድ የተቃጠለ ፊት ሲመጣ መጀመሪያ ከሚታሰብላቸው አካላት አንዱ የዓይን ቆብ ነበር፤ አፍንጫ ሊቆይ ይችላል፣ የማይከደን ዓይን ግን ጊዜ አይሰጥም። በ1946 የብሪታንያ ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ሲመሠረት ጊሊስ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1957 ከአሜሪካዊው ራልፍ ሚላርድ ጋር የሙያውን መርሖችና ጥበብ የሚያስተምር ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጡ።

የመጨረሻ ዓመታት

ጊሊስ ቀልድ ወዳድ፣ ሥዕል የሚሥሉና ከጎልፍ ሜዳ የማይጠፉ ሰው ነበሩ። በ1957 ባለቤታቸው ካትሊን አረፉ፤ በዚያው ዓመት ለብዙ ዘመን በቀዶ ሕክምና ክፍል አብራቸው የሠራችውን ማርጆሪ ክሌይተንን አገቡ። በኦገስት 1960፣ በ78 ዓመታቸው፣ የአንዲት ወጣት እግር እየጠገኑ ሳለ በአንጎላቸው የደም ሥር መዘጋት ታመሙ። ሴፕቴምበር 10 ቀን ለንደን ውስጥ አረፉ።

የጊሊስ ሥራና ኢትዮጵያ

ጊሊስ በጦርነት የገጠማቸው ችግር፣ ማለትም የማይከደን ወይም የተገለበጠ የዓይን ቆብ፣ በኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጥይት ሳይሆን ከበሽታ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ትራኮማ ነው። በልጅነት ደጋግሞ የሚይዝ የዓይን ልክፍት የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠብሰዋል። ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ የዓይኑን ፊት ይፍቃል። በገጠር ብዙ እናቶች ሽፋሽፍቱን በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት 1.3 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን ይህ ችግር እንዳለባቸው ተገምቷል፤ ከክልሎች ሁሉ ጫናው ከበረታባቸው አንዱ አማራ ነው። ሕክምናው የሚሰጠው በአብዛኛው በሠለጠኑ ነርሶችና የዓይን ሕክምና ባለሙያዎች ሲሆን፣ ታርሰሱ ተቆርጦ የቆቡ ጠርዝ ወደ ውጭ ይዞራል። በአማራ ክልል በ1,000 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመ ጥናት ሁለት ዘዴዎችን አነጻጽሯል። ከውስጥ በኩል ብቻ በተቆረጠላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ችግሩ የተመለሰባቸው 13 በመቶ ናቸው፤ ሙሉ ውፍረቱ በተቆረጠላቸው ግን 22 በመቶ።

ለተራው ሕመምተኛ የጆሮ ልም አጥንት አያስፈልገውም። ጠባሳው ተደጋግሞ ሲመለስና ታርሰሱ ከማጠሩ የተነሣ የሚዞር ነገር ሲጠፋ ግን ከሌላ ቦታ ደጋፊ መትከል ይመጣል። ከጆሮ የሚወሰደው ልም አጥንት ያን ጊዜ ከሚታሰቡት አማራጮች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሥጋ ደዌ ነው። በሽታው የፊት ነርቭን ሲጎዳ ዓይን አይከደንም፤ የዓይኑ ፊት መደንዘዙ ደግሞ ሰውየው መቁሰሉን እንዳያውቅ ያደርገዋል። የጊሊስ የማኘኪያ ጡንቻ ስልት ከፍተኛ ጥቅም የሰጠው እዚህ ላይ ነው። ከጊሊስ ዘንድ የተማሩት ሕንዳዊው ኖሺር አንቲያ በአገራቸው የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ማከም ጀመሩ፤ ስልቱም ተሻሽሎ በሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ተሰራጨ። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ በ1965 የተመሠረተው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በተለምዶ አለርት፣ ገና ከጅምሩ መድኃኒትን ከመልሶ ጥገና ቀዶ ሕክምና ጋር አጣምሮ ለማስተማር የተቋቋመ ነበር። በበሽታው ምክንያት ከማኅበረሰቡ የተገለለ ሰው ዓይኑን ከድኖ መተኛት ሲችል የሚመለስለት ማየት ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ቃጠሎና አደጋ ነው። የገጠር ቤት ምድጃ፣ የከተማ ትራፊክና የፋብሪካ ሥራ ሁሉም ድርሻ አላቸው። እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባሉ ፋብሪካና ከባድ መኪና በበዙባቸው የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የፊት ጉዳት እንግዳ ነገር አይደለም። በመዲናዋ የየካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ በዓይን ሕክምና ይታወቃሉ። የዓይን ቆብ ጥገና የሁለቱን ሙያ የሚያገናኝ ሥራ ነው። ሐኪሙ ቆቡ የተቃጠለበትን ሰው ሲያይ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በሲድከፕ ከተጠየቁት አይለዩም። የጎደለው የትኛው ንብርብር ነው? የሚመስለው ከየት ይገኛል? የሚወሰድበት ቦታ ምን ያጣል? ሁሉን ዛሬ መሥራት ይሻላል ወይስ ዓይኑን ጠብቆ ቀሪውን ማቆየት?